ከፎቶው ጀርባ የነበረ ስም

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2012 ነው፤ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር። ብዙ ዓመት አልፎታል። ባለቤቴ አልማዝ «አሁንም ስለዚያ ፎቶ ነው የምታወራው?» ትለኛለች። አዎ፣ አሁንም አወራለሁ። በዚህ አገር ስኖር የሰረቀኝም የዋሸኝም ሰው አለ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይሄኛው ግን ከሆዴ አልወጣ አለ፤ የእኔም እጅ ስላለበት ይመስለኛል። እንደወረደ እጽፈዋለሁ፤ አንባቢ ይፍረድ።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የወታደር ልብስ በሚሰፋ ድርጅት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ዓመት ኮሌታ ብቻ ስሰፋ ነው ያሳለፍኩት። አሜሪካ ከገባሁ በኋላ መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ ልብስ ስተኩስ ቆየሁ። በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጎን ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሱሪ ማሳጠር፣ ቀሚስ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር ጀመርኩ።

ሮጀር የሚባለው ሰው አንድ ቅዳሜ ወደ ሱቄ ገባ። እዚሁ ቅርብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ የድሮ ወታደር ዕቃ የሚሸጥበት ቤት አለው። ኒሻን፣ የብረት ቆብ፣ አሮጌ ካፖርት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎቶ ይሸጣል። የዚያን ቀን ያመጣልኝ ገበሩ የተቀደደ የጀርመን ወታደር ካፖርት ነበር። ገልብጬ አየሁትና «የግራው እጅጌ የዚህ ካፖርት አይደለም፤ ከሌላ ተነቅሎ የተሰፋ ነው» አልኩት። ክሩ ሌላ ነው፣ የስፌቱ አረማመድም ሌላ ነው። ሮጀር ትንሽ አየኝና ሄደ። በሳምንቱ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ፎቶ ይዞ ተመለሰ።

ከመቶ ሠላሳ፣ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት የተነሡ የጀርመን ወታደሮች ፎቶ ነው። በጠንካራ ወረቀት ላይ የተለጠፉ፣ መዳፍ የማይሞሉ ትንንሽ ፎቶዎች ናቸው። አንዱ ወንበር ተደግፏል፣ አንዱ ጎራዴውን ጨብጧል፣ አንዱ ጢሙን አሹሎ ወደ ጎን ያያል። አብዛኞቹ ስም የላቸውም። የሮጀር ሥራ ማን እንደሆኑ ማወቅ ነው። ስም ያለው ፎቶ ይፈለጋል፤ ስም የሌለው ካርቶን ውስጥ ይተኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትከሻቸው ላይ የሬጅመንታቸው፣ ማለትም የጦር ክፍላቸው፣ ቁጥር ተሰፍቷል። እጅጌያቸው ጫፍ ላይ ቁልፎቹ ቁልቁል ከተደረደሩ አንድ ዓይነት ክፍል ነው፤ ጎን ለጎን ከሆኑ ሌላ ነው። የትከሻው ጠርዝ ላይ የተገመደ ክር ከዞረ፣ ልጁ ወጪውን ራሱ ችሎ ለአንድ ዓመት ብቻ የገባ የሀብታም ልጅ ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ደግሞ የፎቶ ቤቱና የከተማው ስም ታትሟል። ይህን ሁሉ አጋጥመህ ሮጀር መደርደሪያ ላይ ካሉት የስም ዝርዝር መጻሕፍት ጋር ስታስተያየው፣ አንዳንዴ ሰውዬው ብቅ ይላል።

እኔ ጀርመንኛ አንድ ቃል አላውቅም። ልብስ ግን አውቃለሁ። ከመጋዘን የተሰጠውን የለበሰና በልኩ ያሰፋ ሰው ትከሻው ላይ ይለያያሉ። ማዕረግ ተነቅሎ ሌላ የተሰፋበትን ኮሌታም ስንቴ ሠርቼዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ሱቄን ስለምዘጋ፣ ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና እየነዳሁ ሮጀር ጋ እሄድና በማጉያ መነጽር ስመለከት እውላለሁ። እንዲያው እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሱሪ ሳሳጥር ቆይቼ፣ አንድ ሰው «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ። ምን ይደረግ፣ ሰው ነኝ።

አንድ ሰኞ ጀርባው ላይ በቀለም ሁለት ስም የተጻፈበት ፎቶ አጋጠመን። ሮጀር ከላይ ያለውን ስም ወስዶ ፖስታው ላይ ጻፈ።

«ይሄ የሰውዬው ስም አይመስለኝም» አልኩት።

እኛ አገር ፎቶ ተነሥቶ ለወዳጅ መስጠት ወግ ነበር። ወታደር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ጓደኛሞች ሲለያዩ ፎቶ ይለዋወጣሉ። ከላይ የተቀባዩን ስም ትጽፋለህ፤ «ለወንድሜ ለእገሌ፣ ለማስታወሻ ይሁንልህ» ትላለህ። ከታች ወደ ቀኝ የራስህን ስም ጽፈህ ትፈርማለህ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው የታችኛው ነው። ይህን አስረዳሁት። ሮጀር መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ትቶ ፎቶውን አገላበጠው። እሱም ቢሆን ከስም በቀር ያን የድሮ የእጅ ጽሑፍ አያነብም። ለሚያነብ ሰው ልኮ ሲያስመረምረው እኔ እንዳልኩት ሆነ። በሳምንቱ ትከሻዬን እየመታ «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አለኝ። ቤቴ ስገባ ለአልማዝ ሁለት ጊዜ ነገርኳት።

አሁን ወደ ሚስ ኤልሳ ልምጣ። ሚስ ኤልሳ ደንበኛዬ ናቸው። ያን ጊዜ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ሱቄ አጠገብ ባለው የአረጋውያን ሕንፃ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰውነታቸው በየዓመቱ ስለሚቀንስ ቀሚሶቻቸውን እኔ ነኝ የማጠባቸው። «በዚህ አያያዝ ስሞት የአሻንጉሊት ቀሚስ ነው የምታለብሰኝ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሻይ አፍልቼ እሰጣቸዋለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔ ስሰፋ ያወራሉ።

አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የሮጀርን ፎቶዎች አዩና ወሬያቸውን አቆሙ። የአባታቸው አባት የጀርመን ወታደር ነበረ። ስሙ ዮሃን ብራንት ነው። ውትድርናውን ጨርሶ ወደ ፔንስልቬንያ መጣ፣ እሳቸው ሳይወለዱ ሞተ። የቤተሰቡ ቤት ሲቃጠል ፎቶ የሚባል ነገር በሙሉ አብሮ ነደደ። የተረፈችው የውትድርና ደብተሩ ብቻ ናት፤ ስሙን፣ የሬጅመንቱን ቁጥርና የሰፈረበትን ከተማ ትናገራለች።

«እናቴን አልመስልም፣ አባቴንም አልመስልም» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ የማንን ፊት ይዤ እንደምዞር አላውቅም። ያን ሰውዬ ሳላየው መሞት አልፈልግም።»

እኔ ምን አደረግሁ? በማግስቱ ሮጀር ጋ ደወልኩና ሁለቱን አገናኘኋቸው። ደብተሯን ኮፒ አድርጌ የወሰድኩለትም እኔ ነኝ።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ ሮጀር ደወለ። «አግኝተነዋል» አለኝ። አያታቸው መጀመሪያ ይኖሩበት በነበረው የፔንስልቬንያ ከተማ፣ የአንድ አሮጌ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ሮጀር ከገዛው ካርቶን ውስጥ ነው ፎቶው የወጣው። የፎቶውን ፊት በስልኬ ላከልኝ። ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆነው፣ ጆሮው ተለቅ ያለ፣ ሳቁን ያፈነ የሚመስል ልጅ ነው። ኮፍያውን በክንዱ ይዟል። አጉልቼ ትከሻውን አየሁ። ቁጥሩ ከደብተሩ ቁጥር ጋር አንድ ነው። እጅጌውም ትክክል ነው።

«ጀርባውስ?» አልኩት።

«ከተማውም ገጥሟል። ስሙም ተጽፏል፤ ዮሃን ብራንት ይላል።»

ሌላ አልጠየቅሁም። ጀርባውንም ላክልኝ አላልኩትም። ሮጥ ብዬ ሚስ ኤልሳ ቤት ሄድኩና «ቁጥሩን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አያትዎ ናቸው» አልኳቸው። ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት። ከዚያ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ዋጋ አለው።

ፎቶውን ገዙት። ሮጀር ትልቅ አድርጎ ያሳተመውን ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉ፣ ዋናውን ትንሹን በስስ ወረቀት ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ። በሁለተኛው እሁድ ምሳ ጠሩኝ። ልጃቸው ካረን ከጌይተርስበርግ መጥታለች። ኬክ ተቆርጧል። ካረን ግድግዳው ሥር ቆማ «እዩት፣ አገጩ የአንቺ ነው እኮ እማዬ» ትላለች። ሚስ ኤልሳ መስታወት አስመጥተው የራሳቸውን አገጭ ያያሉ፣ እንደገና ግድግዳውን ያያሉ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ዋናውን ፎቶ ከመሳቢያ አወጡና «አንተ ያዘው፤ ያገኘኸው አንተ ነህ» ብለው ሰጡኝ።

እንደ ልማዴ ገለበጥኩት።

ከላይ በደበዘዘ ቡናማ ቀለም ሁለት መስመር ተጽፏል። በመጀመሪያው መስመር ውስጥ ዮሃን ብራንት የሚለውን ለይቼ አየሁት፤ ከስሙ በፊትና በኋላ ሌሎች ቃላት አሉ። ከታች ወደ ቀኝ ግን ባዶ ነው። ባዶነቱ ደስ አላለኝም። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነጣ ብሏል። አውራ ጣቴን ሳሳልፍበት ሻከረኝ፣ ትንሽ ፀጉር ነገር አወጣ። ማዕረግ በምላጭ ስትነቅል ጨርቁ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ ከስር ያለው ይነጣል፣ ያቆጠቁጣል። ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት። አንድ የፊደል ጭራ ቀርታለች፤ ሰው ሲፈርም መጨረሻ ላይ የሚጎትታት ዓይነት ጭራ።

ገባኝ። ከላይ ያለው ተቀባዩ ነው። ይህ ፎቶ ለዮሃን ብራንት የተሰጠ እንጂ የዮሃን ብራንት ፎቶ አይደለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጓደኛው ፊት ነው። ጓደኛውም ስሙን ከታች ጽፎ ነበር፤ አንድ ሰው ግን ፍቆታል።

ፎቶውን በስስ ወረቀቱ መልሼ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ኬኬን በላሁ። 

ማታ ለአልማዝ ነገርኳት። ከሥራ ገብታ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር።

«ሃፒ ናቸው አይደል?» አለችኝ። «ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ኮል አድርገህ ምን ልትላቸው ነው?»

«እውነቱን ነዋ።»

«ሮጀር ፍቆት ከሆነ አይደል? አንተ በምን ሹር ሆንክ? መጀመሪያ ሰውዬውን ሄደህ ፌስ ለፌስ ጠይቀው። ዝም ብለህ እዚያ ሄደህ የሰው ደስታ እንዳታበላሽ።»

ልክ ነበረች። በማግስቱ ሰኞ ነው። አሌክሳንድሪያ ስደርስ ሮጀር የሱቁን መስኮት ይወለውል ነበር። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁትም።

«ከታች የነበረውን ስም አንተ ነህ የፋቅኸው?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቆሽሾ ነበር፤ አጸዳሁት» አለኝ።

«ቆሻሻው ስም ነበረ?»

ጨርቁን አስቀመጠ። ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ ዛሬም ሳስባት እጄን ይበላኛል። «የታችኛው ነው ሰውዬው ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። «እኔ ከአንተ ነው የተማርኩት። አንተ ባትነግረኝ ሁለቱንም ስም ትቼ እሸጠው ነበር።»

በዚያች ሰኞ ስለ አገሬ ወግ ደስ ብሎኝ ያወራሁለትን፣ እሱ ምላጩን የት እንደሚያሳርፍ ማወቂያ አደረገው። እኔ እኮ ትከሻዬን ሲመታኝ ለሚስቴ ሁለት ጊዜ የነገርኩ ሞኝ ነኝ።

«ሴትዮዋ ፊት ፈለጉ፣ ፊት አገኙ» አለ ሮጀር። «ያ ልጅ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው። ማን ተጎዳ?»

«በዚህ ሳምንት ውስጥ ራስህ ትነግራቸዋለህ። አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ንገራቸው። እኔ ስሙ ተጽፏል አልኩ እንጂ ሰውዬው ነው አላልኩም። አያትዎ ናቸው ያልካቸው አንተ ነህ።»

ይሄም እውነት ነበር። የበለጠ ያናደደኝ እውነት መሆኑ ነው። በጀመርኩት ካርቶን ላይ ማጉያ መነጽሩን ጣልኩለትና ወጣሁ። መኪናዬን አስነሥቼ በቀጥታ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ ሚስ ኤልሳ ቤት ሄድኩ። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ተቀመጥ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። የወረቀቱን ጀርባ አሳየኋቸው፣ ጣታቸውን ወስጄ የተፋቀው ቦታ ላይ አስነካኋቸው። ሮጀር ማድረጉን እንዳመነም ነገርኳቸው። የላይኛው ስም የማን እንደሆነ በእኛ ወግ የነገርኩት እኔ መሆኔንም አልደበቅሁም።

«እሁድ ዕለት ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ኬኬን ስትበላ?»

«አዎ።»

«ውጣ ከቤቴ» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ አላነሡም።

ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ድምፃቸውን አልሰማሁም። ተሰፍቶ ያለቀ አንድ ሰማያዊ ቀሚሳቸው ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሊወስዱት አልመጡም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ሌላ ደንበኛ ነው። በሮጀር ላይ ቆሽቴ እርር ይላል፣ ከዚያ በራሴ ላይ ይዞራል። አንድ ሰው ከመሞቱ በፊት አንድ ነገር ፈለገ፤ እኔ ሰጠሁትና ከእጁ ነጠቅሁት። ዝም ብል ኖሮ ያን አገጭ እያዩ ይሞቱ ነበር። አልማዝ «ነግሬህ ነበር» አላለችኝም፤ አለማለቷ ራሱ ከበደኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጧት፣ ሱቁ ዝግ ሆኖ ውስጥ ዕቃ ሳስተካክል፣ መስታወቱ ተንኳኳ። ሚስ ኤልሳ መደገፊያቸውን ይዘው ቆመዋል። ካረን ከኋላቸው ናት፤ ፊቷ ቀልቷል። ፎቶውን ከነደረሰኙ ይዛለች።

«ካረን መመለስ ነው የምትፈልገው» አሉኝ ሚስ ኤልሳ። «እኔ አልመልስም። ወንበር ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው።

«እናቴ ስለ አማቷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር» አሉ። «‹በዚህ ምድር ላይ እሱን የሚወድ ሰው አልነበረም› ትል ነበር። ቤት ውስጥ የሚያናግረው አልነበረም አሉ። እኔም የእሱን ፊት ስፈልግ የክፉ ሰው ፊት ነው ብዬ ነበር የምጠብቀው። ለካ ፎቶውን የሚሰጠው ጓደኛ ነበረው። እሱም ባሕር አቋርጦ ይዞት መጥቷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስናደድ ቆይቼ፣ ትናንት ይሄ ታየኝ።» ትንሽ ተነፈሱ። «አያቴን አላገኘሁትም፤ እሺ። አያቴን የወደደውን ልጅ ግን ስሙን እፈልጋለሁ። ተነሣ፣ እዚያ ሰውዬ ጋ ውሰደኝ።»

በእኔ መኪና ሄድን። የሮጀር ሱቅ መግቢያ ላይ ሁለት ደረጃ አለ፤ እኔና ካረን ግራና ቀኝ ይዘን አወጣናቸው። ሮጀር ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሊከሱኝ መጡ ብሎ ይመስለኛል። መናገር ሲጀምር ሚስ ኤልሳ በእጃቸው አስቆሙት።

«ልከስህ አልመጣሁም። ገንዘቤንም አልፈልግም። ከታች የነበረውን ስም ንገረኝና እሄዳለሁ።»

ሮጀር እኔን አየ፣ ካረንን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ግንባሩን አሻሸ። ስሙን እየፈለገ እንደሆነ አየሁ፤ ከልቡ እየፈለገ ነበር።

«አላስታውስም» አለ።

«የሆነ ቦታ ጽፈኸዋል?»

«አልጻፍኩትም።»

«ከመፋቅህ በፊት ስካን አላደረግኸውም?» አልኩት እኔ።

«የፊቱን ብቻ። ጀርባውን ካጸዳሁ በኋላ ነው ያነሣሁት። አጭር ስም ነበር፤ የሚጀምረው በኤፍ ይሁን በኤች...» እጁን አወናጨፈ። «ምን ያደርግልኛል ብዬ አላስተዋልኩትም።»

አልዋሸም። ፊቱን አይቼ አውቄያለሁ። ዋሽቶ ቢሆን እመርጥ ነበር፤ የሚዋሽ ሰው እውነቱን የሆነ ቦታ ደብቆታል፣ ለምነህም አስፈራርተህም ታወጣዋለህ። እሱ ግን የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ዕድሜውን ሙሉ ስም ሲያድን የኖረ ሰው፣ እጁ ላይ የገባውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ ሳያነብ ፋቀው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። የማውቀው እንግሊዝኛ በሙሉ ጠፋኝ፤ በአማርኛ ሰደብኩት። እናቴ ብትሰማኝ የምታፍርበትን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት። ሰው ከመንገድ ቆሞ በመስኮት አየን። ሮጀር አንዱም አልገባውም፣ ሁሉም ግን ገብቶታል። ሚስ ኤልሳ እጅጌዬን ይዘው ጎተቱኝ። «በቃ፣ ደክሞኛል» አሉ። ደረጃውን ስናወርዳቸው ስናስገባቸው ከነበሩት ይልቅ ቀለውኝ ነበር።

አልተውነውም። ካረን አሮጌ ወረቀት የሚጠግኑ ሴት አገኘች። በልዩ መብራት አዩት፣ በጎን አዩት፣ ከስር አበሩበት። ምላጩ ጥልቅ ገብቷል አሉ። ከላይ ያለውን ግን አነበቡልን፤ ለጓዴ ለዮሃን ብራንት፣ አብረን ላሳለፍነው የውትድርና ጊዜ መታሰቢያ ይላል። እኛ የምንጽፈው ማለት ነው፣ አንድም ሳይቀር። ከታች እኔ መስኮት ላይ ያየኋት ጭራ ብቻ ናት የቀረችው።

ሚስ ኤልሳ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ፎቶውን ከግድግዳው አላወረዱትም። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ የአያቴ ጓደኛ ነው» ይላሉ። እኔንም ይቅር ብለውኝ ሰማያዊውን ቀሚስ ወሰዱ፣ ሌሎቹንም አመጡ። የአያታቸውን ፊት ግን ሳያዩ ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ካረን ሱቄ መጣች። ለልጆቿ የቤተሰብ አልበም እየሠራች ነበር። ያን ፎቶ አስገብታዋለች፤ ከስሩ የሚጻፈው ብቻ ቀርቷታል።

«‹ስሙ ያልታወቀ የጀርመን ወታደር› ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

በካረን ላይ መቆጣት አልነበረብኝም፤ ተቆጣሁ። «ያልታወቀ አይደለም» አልኳት። «ስሙ ታውቆ ነበር። በራሱ እጅ ጽፎ፣ ፈርሞ ለጓደኛው ሰጥቶ ነበር። ያልታወቀ ካልሽ ጥፋቱን በልጁ ላይ ማላከክሽ ነው። ‹የዮሃን ብራንት ጓደኛ፤ ስሙን ሻጩ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በምላጭ ፋቀው› ብለሽ ጻፊ።»

«ረዘመ እኮ» አለች።

«ይርዘም።»

እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ጻፈችው። እኔ ቆሜ አየሁ።

ሮጀር ዛሬም ይሸጣል ይባላል። ሱቁን ቀይሯል፤ ሄጄ አላየሁትም። ሰዎች፣ አልማዝም ጭምር፣ ጊዜ ያበርደዋል ይሉኛል። ያ ልጅ ስሙን ጦርነት አልወሰደበትም፣ ባሕር አልወሰደበትም፣ እሳትም አላገኘውም። ያጣው በእኔ ዘመን፣ እኔ ባስተማርኩት ትምህርት ነው። ስለዚህ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።